“አይሠራም” ብላችሁ የቆለፋችሁባቸውን ኮምፒውተሮች ክፈቱልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ በውስጥ ገጽ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አይቻለሁ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ላስቲካቸው ገና ያልተላጠ አዳዲስ ኮምፒውተሮች፣ ሪባን የያዘች ልጅ፣ መቀስ የያዙ ኃላፊ፣ ከኋላ የሚያጨበጭብ ሰው። ደስ ይላል፤ ምቀኛ አይደለሁም። ግን የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ዓይኔ የሄደው ከሰዎቹ ፊት ይልቅ ወደ ጠረጴዛው ሥር ነው። ስድስት ኮምፒውተር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል፤ ማከፋፈያው በሌላ ማከፋፈያ ላይ፣ ያኛው ደግሞ ግድግዳው ላይ ባለች አንዲት ሶኬት ላይ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያንን ክፍል ፎቶ የሚያነሳው ማን እንደሆነ እንጃ።

እኔ የስልክ ሠራተኛ ነበርኩ። በ1972 ዓ.ም. ቴሌ ተቀጥሬ፣ ምሰሶ በመውጣት ጀምሬ፣ በማዞሪያ ጣቢያ ጥገና ጨርሼ፣ በ2011 ስልሳ ዓመት ሲሞላኝ በጡረታ ተሰናበትኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ቤት ውስጥ ያልተበላሸውን ዕቃ ሁሉ ስፈታ ከረምኩ። ባለቤቴ ከእናቷ የወረሰችውን የግድግዳ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ ስታገኘኝ፣ “አንተ ሰው፣ ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔ ቤቱን ልልቀቅልህ” አለችኝ። በዚያው ሳምንት የሰፈራችን የኮምፒውተር ክበብ ልጆች ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው እየፈለጉ ነው ሲባል ሰማሁና ቴስተሬን ኮት ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ይኸው ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ። ክፍያ የለውም፤ ሻይ ግን አለ። ሰዓቱንም ገጥሜ መልሼዋለሁ፤ በቀን አራት ደቂቃ መቅደሙን ባለቤቴ እስካሁን አልረሳችልኝም።

ክበባችን ሽሮ ሜዳ ነው። ክፍሏ በደርግ ጊዜ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና ያስቀምጥባት የነበረች መጋዘን ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲጀምር የምንነጋገረው በእጅ ምልክት ነው። አሥራ አንድ ኮምፒውተር አለን። አብዛኞቹ ሙሉ ሆነው የመጡ አይደሉም፤ የአንዱ ሳጥን፣ የሌላው ማዘር ቦርድ (ሁሉ ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ የሦስተኛው ፓወር ሰፕላይ (የኤሌክትሪክ መጋቢ) እየተገናኘ የተሠሩ ናቸው። ልጆቹ “ቅይጦቹ” ይሏቸዋል። ሰፈሩ የሸማኔ ሰፈር ነውና ከአካባቢው ሱቆች ለጥገና የሚመጣልንን ኮምፒውተር ስንከፍት መጀመሪያ የምናገኘው ጥጥ ነው። የነጠላውና የጋቢው ብናኝ በማራገቢያው ተስቦ ይገባና በማቀዝቀዣው ብረት ክንፎች ላይ እንደ ባዘቶ ተነጥፎ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ ይግላል፣ ይግላል፣ ከዚያ ራሱን ያጠፋል። ባለሱቁ “ቫይረስ ገብቶበታል” ብሎ ያመጣዋል። በቀለም ብሩሽ ጠርገን እንመልስለታለን። አንድ ጊዜ ከአንዱ ሳጥን ያወጣነው ጥጥ ለሁለት ጧፍ ክር ይበቃ ነበር።

መሣሪያዬ ብዙ አይደለም። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ የብየዳ ካውያ፣ ያ ብሩሽ፣ አንድ የተማሪ ላጲስ። ላጲሱን ለምን እንደያዝኩ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚኖሩ የሰፈራችን ልጆች አራት ኮምፒውተሮች ላኩልን። ዕቃው የደረሰ ዕለት እኔ ልቅሶ ላይ ነበርኩ። ልጆቹ መታገሥ አቅቷቸው አንዱን ሰኩት። ጥይት የተተኮሰ ነው የመሰላቸው፤ ጭስ ወጣ፣ የክፍሉ መብራትም አብሮ ጠፋ። ስደርስ ሁሉም በረንዳ ላይ ቆመዋል። የሰካው ልጅ “ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ ምንም አልነካሁም” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጥፋቱ መንካት የነበረበትን አለመንካቱ ነበር። ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ፣ ጥፍር የምታህል ቀይ መቀያየሪያ አለች። በአንድ በኩል 115፣ በሌላው በኩል 230 ይነበብባታል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። መቀያየሪያዋ 115 ላይ ስትሆን የውስጡ አሠራር የሚገባውን ቮልቴጅ እጥፍ አድርጎ ነው የሚጠቀምበት። ቀድሞውኑ 220 የሆነውን እጥፍ ሲያደርገው ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያቁሩት ትንንሽ በርሜሎች) አይችሉትም፣ ይፈነዳሉ፤ ቫልቮላውም ይሄዳል። የቀሩትን ሦስቱን በካቻቢቴ ጫፍ ወደ 230 ገፋኋቸው፤ ሦስቱንም አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። መቀያየሪያቸው ላይ ሙጫ አንጠባጠብኩበት፣ ማንም እንዳይመልሳት። ሦስቱም ዛሬ ድረስ ይሠራሉ። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልቴጁን ራሳቸው ስለሚለዩ መቀያየሪያ የላቸውም፤ ግን ለእኛ የሚላከው የቅርቡ አይደለም። በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን ኮምፒውተር ስትልኩ በሳጥኑ ላይ “መጀመሪያ ጀርባውን እዩ” ብላችሁ ብትጽፉበት አንድ ልጅ ከድንጋጤ ታድናላችሁ።

ሌላዋ ነገር ባትሪዋ ናት። በማዘር ቦርዱ ላይ ስሙኒ የምታህል ክብ ባትሪ አለች። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ቁጥሩ ራሱ ልኳ ነው፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን መጠበቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትደክማለች። ስትደክም ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ጥቁር ገጽ አውጥቶ “ኤፍ 1ን ተጫን” ብሎ ይቆማል። ይህንን ገጽ ያየ የቢሮ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ የሞተ ይመስለዋል። አይፈረድበትም፤ እንግሊዝኛው ያስፈራል። ዋጋዋ ግን ከሁለት ማኪያቶ አይበልጥም።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ገና ከበሩ ስገባ “ጋሼ፣ አራተኛው ኮምፒውተር ላይ ኢንተርኔት ሞተ” አሉኝ። የሌሎቹ ይሠራል፣ የእሱ እምቢ ይላል። የትኛውንም ድረ ገጽ ብትከፍቱ “ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም” ብሎ ይመልሳችኋል። ገመዱን ለካሁ፣ ደህና ነው። መሰኪያውን ቀየርኩ። ወለል ላይ ተንበርክኬ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ፤ በዚህ ዕድሜ ተንበርክኮ መነሣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በመጨረሻ ወንበር ስቤ ስቀመጥ ዓይኔ የስክሪኑ ጥግ ላይ አረፈ። ዓመተ ምሕረቱ 2018 ይላል። ባትሪዋ ደክማ ቀኑ ሲጠፋበት አንድ ቅን ልጅ አስተካክሎታል፣ በእኛ አቆጣጠር! “ልክ ነው እኮ ጋሼ፣ 2018 ነው” ይለኛል። ልክ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ጊዜው 2025 ነበር። ልጁ በአንድ ጠቅታ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት የምስክር ወረቀት አላቸው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል ተብሎ የተጻፈበት። ኮምፒውተሩ ያንን ሲያይ ቀኑ ገና ያልደረሰ ወረቀት ይሆንበታል፤ ሐሰተኛ ነው ብሎ በሩን ይዘጋል። ባትሪዋን ቀየርን፣ ዓመቱን መለስን፣ ሁሉም ተከፈተ። አሁን ግድግዳው ላይ “ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓትም ለእሱ ዘጠኝ ነው” የሚል ወረቀት ለጥፈናል። እስካሁን ይህንን ችግር በየትኛውም የጥገና መጽሐፍ ላይ ተጽፎ አላየሁትም።

ወደ ክበቡ የሚመጣው ለመጫወት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የፈተናው ወቅት ሲቃረብ ክፍሏ አትበቃንም። ስልክ ላይ ጣቱ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ የሚሮጥ ልጅ ማውስ ስታስይዙት እጁ ይንቀጠቀጣል። አንዲት ልጅ ማውሱን ከጠረጴዛው አንሥታ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ስክሪኑ ስታነጣጥር አይቻለሁ፤ አልሳቅሁባትም፣ ማንም አሳይቷት አያውቅማ። መድኃኒቱ የካርታ ጨዋታ ነው። መጫን፣ ሁለት ጊዜ መጫን፣ ይዞ መጎተት፣ ቦታው ሲደርሱ መልቀቅ፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ሦስት ቅዳሜ ካርታ የተጫወተ ልጅ ማውስ አይፈራም። አንድ አባት ግን መጥተው “አንቱ ሰውዬ፣ ልጄን ቁማር ነው የሚያስተምሩት?” ብለው ተቆጡኝ። አስቀመጥኳቸውና እሳቸውንም አስጀመርኳቸው። እንዲህ ያለ አስቸጋሪ ደንበኛ ሆኖ አያውቅም፤ ከወንበሩ የሚያስነሣቸው ጠፋ።

የዕድራችን ጸሐፊም በተራቸው መጡ። የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ላይ አለ፤ ሲከፈት ግን አማርኛው ሁሉ የፈረንጅ ፊደል፣ ነጥብና ቅንፍ ሆኖ ይዘበራረቃል። ደንቡ ከሃያ ዓመት በፊት ቪዥዋል ግዕዝ በሚባል የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራም የተተየበ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም “ሀ”ን በፈለገበት የፈረንጅ ፊደል ወንበር ላይ ያስቀምጠው ነበር። ፊደሉ የተጫነበት ኮምፒውተር ያነበዋል፣ ያልተጫነበት ይቀባጥራል። እኔ ዕቃ አልጥልም፤ አሮጌውን ፊደል ከአንድ የተጫረ ሲዲ ላይ አገኘሁት። ሃያ ሁለቱን ገጽ አትመን ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች እንደገና ተየቡት። ዕድሩ ስድስት ወንበር ሰጠን፤ ያንን ነጩን የፕላስቲክ ወንበር። የልቅሶ ወንበር ላይ ተቀምጠው ኮድ የሚማሩ ልጆች ያሉት እኛ ክበብ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የሚማሩትም በ2016 መጨረሻ የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነው፤ ትምህርቱ ነፃ ነው፣ የሚጎድለው የሚሠራ ኮምፒውተር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ኮምፒውተሩን ለሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ለዊንዶውስ 10፣ አምራቹ ኩባንያ ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል። በዊንዶውስ 11 እንተካው ብትሉ ደግሞ ከፈረንጆቹ 2017 በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ኮምፒውተሮች አይቀበልም። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ምንም ያልነካቸው፣ በርተው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች “ጊዜ ያለፈባቸው” ተብለው እየተነሡ ነው። ጊዜው ያለፈው ግን የፕሮግራሙ ነው፣ ብረቱ ጤነኛ ነው። እኛ 4 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ማስታወሻ) ያለው ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን እንጭናለን፤ ነፃ ነው፣ ማሻሻያም ያገኛል። ከየማተሚያ ቤቱ በፍላሽ የሚመጣው፣ ፎልደሩን ሁሉ አቋራጭ የሚያደርገው የዊንዶውስ ቫይረስም እዚያ ላይ ጥርስ የለውም። ልጆቹ መጀመሪያ መልኩን ጠልተውት ነበር። አሁን ዊንዶውስ ሲያዩ “ይህ የሽማግሌ ነው” ይላሉ፤ እኔን እያዩ።

ነገሩ ግን ከጥቅምት 4ም በፊት የነበረ ነው። ከእኛ ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን አልጠራም፤ ለሰው ብለው ሲያሙ ለእኔ ብለህ ስማ ይባል የለ) ዕቃ ቤት ውስጥ አሥራ አራት ኮምፒውተሮች ተደርድረው አየሁ። በመስኮት ነው ያየሁት። ደብዳቤ ጻፍን፣ ማኅተም አስመታን። ከአራት ወር በኋላ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጠሩኝ። “ጋሼ፣ ንብረት እኮ ነው። በሞዴል 19 የገባ ያለ ሞዴል 22 አይወጣም” አሉኝ። አውቃለሁ፤ እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፣ አንዲት ጥቅል ሽቦ ለማውጣት ሦስት ፊርማ ስለምን ኖሬያለሁ። ዝርዝሩን አሳዩኝ። በአሥራ አራቱም አንጻር የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ “አይሠራም”። ምናቸው እንደማይሠራ የሚጠይቅ ዓምድ በቅጹ ላይ የለም።

እዚያው ልፈትሻቸው ብዬ ለመንኩ። ሰውየው ደግ ናቸው፣ ሦስቱን ፈቀዱልኝ። የመጀመሪያው የባትሪዋ ነገር ነበር፤ ከኪሴ አውጥቼ ቀየርኩለት። ሁለተኛው ሲበራ ይጮኻል እንጂ ምስል አያመጣም። ራሙን ነቅዬ፣ የወርቅ ቅብ ጥርሶቹን በላጲሱ አሽቼ፣ መልሼ ሰካሁት፤ ተነሣ። (ላጲሱ ለዚህ ነው። ጥርሶቹ ላይ የተጋገረውን እድፍ ብዙም ሳይቧጭር ያነሣዋል።) ሦስተኛው በእርግጥ ሞቷል፤ ማዘር ቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው እንደ ዳቦ ተነፍቷል። እሱንም ቢሆን ጊዜ ከሰጡኝ ከሌላ ከተጣለ ማዘር ቦርድ በምነቅላቸው እተካቸው ነበር፤ ዓይነታቸውና አቅማቸው እኩል ይሁን እንጂ ቮልቴጃቸው ቢበልጥ ግድ የለም፣ ማነስ ብቻ አይችልም። በአርባ ደቂቃ ከሦስቱ ሁለቱን አስነሣሁ። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ ሰውየውም አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። “አሁን ግን ችግር ፈጠሩብኝ” አሉኝ። ለምን? የሚወገደው የማይሠራ ንብረት ነዋ! የሚሠራ ንብረት አይወገድም። ሁለቱ ስለሚሠሩ ሊሰጡን አይችሉም። የቀሩት አሥራ ሁለቱስ? እነሱ ስለማይሠሩ በሐራጅ ለብረታ ብረት ነጋዴ ነው የሚሸጡት። ታዲያ የሚሠሩትን ሁለቱን ሠራተኞቹ ይጠቀሙባቸው ይሆን? አይ፣ ለእነሱ አዲስ ተገዝቷል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች እዚያው ጥግ ተመለሱ፣ በሩ ተቆለፈ። ይህ ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። በቅርቡ ዘበኛው ሲነግረኝ አይጥ ወልዳባቸዋለች፤ ማውስ ሳይሆን እውነተኛዋ አይጥ። ከአሥራ ሁለቱ አንዳንዶቹን ሳልገናኛቸው አልቀርም፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ፓወር ሰፕላይ ልገዛ ሄጄ የንብረት ቁጥራቸው ገና ያልተላጠ ሦስት ሳጥኖች አይቻለሁ። አንዱን ገዝቼ አመጣሁ። ባትሪዋ ነበረች።

የምጠይቀው ሕግ ይሻር አይደለም። በቅጹ ላይ “አይሠራም” ከሚለው አጠገብ “ምኑ?” የምትል አንዲት ዓምድ ትጨመር፤ ከፊርማው በፊትም ካቻቢቴ የያዘ አንድ ሰው ይያቸው። የሚወገዱት ወደ ሐራጅ ከመሄዳቸው በፊት በወረዳው ያሉ ትምህርት ቤቶችና ክበቦች ይጠየቁ። ሚስጥር አለበት ካላችሁ ሃርድ ዲስኩን ነቅላችሁ አስቀሩት፤ ለእሱ መላ አናጣም። ለነጋዴ ትሸጡታላችሁ ብላችሁ ከጠረጠራችሁን ደግሞ በየስድስት ወሩ መጥታችሁ ቁጠሩን፤ ሻይ እናፈላለን። ሪባን የምትቆርጡትም ከሃያ ኮምፒውተር ጋር አንድ ካርቶን መለዋወጫ ጨምሩበት፤ ሁለት ፓወር ሰፕላይ፣ ጥቂት ኪቦርድና ማውስ፣ አንድ እሽግ ባትሪ። የዋስትና ተለጣፊ አለበት እያላችሁም ዋስትናው ካለቀ በኋላ ካቻቢቴ አታስጥሉን።

ለእኔ ለራሴ የምጠይቀው የለም፤ እንዲያውም አንድ ነገር እንዲቀርልኝ እለምናለሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ አራት የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል፣ አራቱም በመስታወት የተገጠሙ። ባለቤቴ የምትሰቅልበት ግድግዳ ስላጣች አንዱን ሰዓቱ በነበረበት ቦታ ሰቅላዋለች። የሚቀጥለውን ለመስጠት ያሰባችሁ ካላችሁ የፍሬሙን ዋጋ ብቻ በባትሪ አድርጋችሁ ላኩልኝ።

ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እገኛለሁ። የተቆለፈ ዕቃ ቤት ያለው ሰው ቁልፉን ይዞ ይምጣ፤ ላጲሱን እኔ እይዛለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የስልክ ጥገና ሠራተኛ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ
ጥር 2018 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህንን የተየብኩት በአሥራ አንደኛው ቅይጥ ላይ ነው። የኪቦርዱ “ረ” አልፎ አልፎ ይይዛል። “ረ” ወይም “ር” የጎደለው ቃል ካገኛችሁ እባካችሁ ሙሉልኝ፤ ሌላ ኪቦርድ የለንም።